ከአንገቱ የሚወጣ መጽሐፍ፦ ማኅበረሰብ ታሪኩን በራሱ የሚያሳትምበት መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

በባሌ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ ያቋረጠና በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ የወረደ ሰው የጫካውን ቡና ይጠጣል፣ ማሩንም ይቀምሳል። ስለዚያ ጫካ የተጻፈ ነገር ልፈልግ ቢል ግን በብዛት የሚያገኘው በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የተመራማሪ ጥናት ነው። ቀፎ የሚሰቀለው በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሆነ፣ የቡናው ጥላ መቼ እንደሚመነጠር፣ የጫካው ድርሻ ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ የተናገሩት የሐረና ቡሉቅ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው የአንገቱ ከተማ አዛውንቶች ግን ቃላቸው የት እንደደረሰ የሚያዩበት ዕድል የላቸውም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና ከእንግዲህ ስለ አካባቢው የሚጽፈው እንግዳ ይበዛል እንጂ አያንስም። ይህ መመሪያ ታሪኩ በራሱ እጅ እንዲጻፍና እንዲታተም ለሚፈልግ ሁሉ ነው፤ በአንገቱ ላለው መምህር፣ ለደሎ መና፣ ለጎባና ለሮቤ ወጣት፣ እንዲሁም ከባሌ ወጥቶ በሚኒያፖሊስ ወይም በለንደን ልጆቹን ለሚያሳድግ ወላጅ።

መንገዱን ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። ጆን ላ ሮዝ የተባለ የትሪኒዳድ ተወላጅ ከሣራ ዋይት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ኒው ቢከን ቡክስን የጀመረው ከመኖሪያ ቤቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከጉያና የመጡት ባልና ሚስት ኤሪክና ጄሲካ ሀንትሊ ቦግል ሉቨርቸር የተባለውን አሳታሚ አቋቋሙ። ያነሳሳቸው የወዳጃቸው የታሪክ ምሁሩ የዋልተር ሮድኒ ጉዳይ ነበር። ሮድኒ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1968 ወደ ጃማይካ እንዳይገባ ሲታገድ፣ በዚያ ያደረጋቸው ንግግሮች እንዳይጠፉ ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ አሰባስበው በ1969 በመጽሐፍ አወጧቸው። ኒው ቢከን ደግሞ በ1971 የበርናርድ ኮርድን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የካሪቢያን ስደተኞች ልጆች በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እንዴት አእምሯቸው ደካማ ነው እየተባሉ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት እንደሚገፉ ለወላጆቻቸው በግልጽ ቋንቋ የሚያስረዳ ነበር።

በእኛም አገር ነገሩ ሥር አለው። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በሞንኩሎ ታተመ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። ሁለቱም በግዕዝ ፊደል ነበሩ፤ ኦኔሲሞስም ኋላ ወደ ነቀምት ተመልሶ አስተማረባቸው። በዘመናችን ኤልያስ ወንድሙ ፀሐይ አሳታሚን እ.ኤ.አ. በ1998 በሎስ አንጀለስ መሠረተ። በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ሲያጣ፣ በ2002 አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሰፈሩበት ባለቀለም መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።

እነዚህ ሁሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳቸው በፊት መጽሐፉ በማን እጅ እንደሚገባ ያውቁ ነበር። የካሪቢያኑ ወላጅ፣ የነቀምቱ ተማሪ፣ በስደት የተወለደው ሕፃን፤ እያንዳንዳቸው ሥራው ሳይጀመር ተቆጥረዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ አንባቢውን በስሙ ጥሩት

«ለሁሉም ይሆናል» የተባለ መጽሐፍ መጨረሻው መጋዘን ነው። ወረቀት አውጡና መጽሐፉን በእርግጥ የሚያነቡ ሃያ ሰዎችን በስም ጻፉ፤ መምህሩን፣ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ጸሐፊውን፣ ዘጠነኛ ክፍል ያለችውን ልጅ፣ ሚኒሶታ ያለውን አጎት። ከዚያ በስተግራ የሚያነብቡበትን ቋንቋ፣ በስተቀኝ ደግሞ ብቻቸውን ያነብቡ እንደሆነ ወይም ሌላ ሰው ያነብብላቸው እንደሆነ አስፍሩ።

በአንገቱ ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። ታሪኩን የሚያውቁት አዛውንቶች ብዙዎቹ ማንበብ ያልተማሩ ናቸው፤ መጽሐፉ ቡና እየተፈላ በልጅ ልጅ ድምፅ ይነበብላቸዋል። ስለዚህ ምዕራፎቹ አጭር፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ጆሮ የሚይዛቸው ይሁኑ። ቋንቋውን በተመለከተ እኔ የምመክረው ኦሮምኛውን በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ በግራ ገጽ፣ አማርኛውን በቀኝ ገጽ ማድረግ ነው። በውጭ ለተወለዱ ልጆች እንግሊዝኛ ካስፈለገ ለብቻው ይታተም። ሦስት ቋንቋ በአንድ መጽሐፍ ማጨቅ ዋጋውን ያንራል፣ ገጹንም ያጣብባል።

መጠኑን በትንሹ ጀምሩ። 96 ገጽ ለመጀመሪያ ሥራ በቂ ነው።

ደረጃ 2፦ ባለቤቱን በጽሑፍ ወስኑ

አሳታሚና ማተሚያ ቤት የተለያዩ ናቸው። አሳታሚ ማለት ገንዘቡን የሚያወጣ፣ ይዘቱን የሚወስን፣ መብቱን የሚይዝ ነው። ማተሚያ ቤት ተከፍሎት የሚያትም ነው። ነፃ ኅትመት የምንለው አሳታሚው ማኅበረሰቡ ራሱ ሲሆን ብቻ ነው። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር፣ ኅብረት ሥራ ወይም በውጭ አገር የተመዘገበ የባሌ ተወላጆች ማኅበር አሳታሚ መሆን ይችላል። ይህ ከሌለ አንድ ሰው በስሙ ያሳትምና ከሌሎቹ ጋር ውል ይፈራረም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው በጽሑፍ ወይም በድምፅ ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ይሰጠዋል። መብቱም ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ከተረኩት፣ ከሰበሰቡትና ከጻፉት ሰዎች መካከል ባለመብቱ ማን እንደሆነ ግን አዋጁ ስለ እናንተ ቁጭ ብሎ አይወስንላችሁም። ስለዚህ አንድ ገጽ የማትበልጥ ስምምነት አዘጋጁ። የቅጂ መብቱ በማን ስም እንደሚሆን፣ ትርጉምና ሁለተኛ ኅትመት ማን እንደሚፈቅድ፣ ትርፍ ከተገኘ የት እንደሚገባ፣ የድምፅ ቅጂዎቹ የት እንደሚቀመጡ ይጻፍበት። በሚሰበሰቡት ሰዎች ቋንቋ ይነበብ፣ በእማኝ ይፈረም።

ከውጭ ድጋፍ ከተገኘ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ገንዘብ የሰጠ አካል የመጨረሻውን ረቂቅ የመለወጥ ሥልጣን የለውም። በዚህ የማይስማማ ለጋሽ ካለ ገንዘቡ ቢቀር ይሻላል። ትንሽ መጽሐፍ በራስ ገንዘብ ማሳተም ይቻላል፤ የተሰጠ ድምፅን መልሶ መውሰድ ግን በጣም ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ ቃሉን ሰብስቡ

ከሥራው ሁሉ የበለጠ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ነው። ሌላው ሁሉ በገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ አዛውንት ግን ባለፉ ጊዜ የሚተካቸው የለም።

ስልክ በቂ መቅረጫ ነው፤ አጠቃቀሙን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ቀረጻውን እንዳያቋርጠው። ከተናጋሪው አፍ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጨርቅ ነገር ላይ አስቀምጡት። በሐረና ዝናቡ ብዙ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲዘንብ የተቀረጸ ድምፅ ከጥቅም ውጭ ይሆናልና ቀኑን ምረጡ፣ ወይም ሣር ክዳን ቤት ፈልጉ። እያንዳንዱን ቅጂ ስትጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ። ማታውኑ ሁለት ቦታ ገልብጡት፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ በሌላ ሰው ቤት በሚቀመጥ ፍላሽ ላይ።

ፈቃዱን ቀረጻው ውስጥ ጠይቁ፤ ከሽማግሌ ጋር በሚወራበት አክብሮት።

«አባ፣ ዛሬ የነገሩንን በመጽሐፍ ልናወጣው ነው። ስምዎን እንጻፍ ወይስ ይቅር?»

«ጻፉት፣ ልጄ። የወንድሜን ነገር ግን ከእናንተ አይለፍ።»

እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ የወንድምየው ነገር እዚያው ይቀራል፤ በኋላ ምዕራፉን ምንም ቢያጎድለው አይመለስም። ባሌ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 የዘለቀ አመፅ ያየ አገር ነው፤ በየቤቱ የሞተ፣ የሸፈተ፣ የታሰረ አለ። ያንን ዘመን የሚያነሳ ምዕራፍ ካለ በሌላ ሰው ላይ የተነገረ ክስ ከሁለት ወገን ሳይሰማ አይታተም፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ደግሞ ያለ ፈቃዱ አይግባ። እውነትን መደበቅ አይደለም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ነገ ተያይቶ እንዲያድር ነው።

ጥያቄያችሁ ስለ ነገሮች ይሁን። «ስለ ባህላችሁ ንገሩን» የተባለ ሰው የሚመልሰው ለእንግዳ የሚነገረውን ነው። «ይህን ቀፎ ከምን ሠሩት? ማን አስተማረዎት? ዛፉ የማን ነው? ማሩን መቼ ይቆርጡታል? ዝንጀሮው ቡናውን ሲያጠፋ ምን ይደረጋል?» የተባለ ግን ሕይወቱን ይናገራል። ሴቶችን ለብቻቸው ጠይቁ። «አዴ፣ ቡናውን ከለቀማ በኋላ እስከ ሽያጭ የሚይዘው ማነው?» በምትል አንዲት ጥያቄ ወንዶቹ ያልነገሯችሁ ግማሽ ኢኮኖሚ ይወጣል።

የማይታተምም ዕውቀት አለ። የመድኃኒት ተክል የሚገኝበትን ትክክለኛ ቦታ፣ ቅዱስ ተደርጎ የሚያዝን ሥፍራ፣ ለቤተሰብ ብቻ የሚተላለፍን ነገር መጽሐፍ ላይ ማውጣት ለዘራፊ መንገድ መጥረግ ነው። ይህን የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው እንጂ ጸሐፊው አይደለም።

የተቀረጸውን መገልበጥ አድካሚ ነው፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሥራውን ለተማሪዎች ስታከፋፍሉ ክፈሏቸው። በነፃ የተሠራ ግልበጣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ደረጃ 4፦ አርሙ፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

መጀመሪያ የስም ዝርዝር አዘጋጁ። ሐረና፣ ሃረና፣ ሀረና፤ ደሎ መና፣ ዴሎ መና፤ ሳነቴ፣ ሰነቴ። ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት። በቁቤ ደግሞ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣልና የኦሮምኛውን ጽሑፍ የኦሮምኛ መምህር ይየው፤ በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ።

ዘመን ሲጻፍ ተጠንቀቁ። ሽማግሌው «ያ ትልቁ ድርቅ ዓመት» ሲሉ ዓመቱን ፈልጋችሁ በግርጌ አስቀምጡ እንጂ አባባላቸውን አትሰርዙት። ቁጥሩ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አንዱን ምረጡ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያሳስት መጽሐፍ ተማሪን ፈተና ላይ ይጥለዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹን ሰብስባችሁ አንብቡላቸው። ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ፤ ቡናም ይፈላ። «አይ፣ እንዲህ አላልኩም» የሚሉበት ቦታ ሁሉ ይስተካከላል። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ብቻ ታሪኩን ጨርሶ ለማያውቅ የውጭ አርታኢ ስጡት። እሱ የማይገባውን ይጠይቃችኋል፤ እናንተ በደንብ ስለምታውቁት የዘለላችሁትን ክፍተት የሚያየው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። አርታኢው መጀመሪያ ካለሰለሰው፣ ሽማግሌዎቹ የራሳቸውን ንግግር ላያውቁት ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ፊደልና ገጽ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዩኒኮድ ተይቡ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ፣ ጥሩ የሚነበቡ ቅርጾች ናቸው።

አማርኛ በቁቤ ከተጻፈ ኦሮምኛ ያነሰ ቦታ ይወስዳል። ግራና ቀኝ ገጽ እኩል እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ አንቀጽን ከአንቀጽ ጋር አዛምዱ፤ የተረፈውን ባዶ ቦታ በሥዕል ሙሉት። ፎቶ ለማተም በሚፈለገው መጠን ላይ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ይጨመቃልና እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።

የመጽሐፉን መጠን ኤ5 አድርጉት። የገጹን ብዛት ደግሞ በ16 የሚካፈል ማድረግ ይጠቅማል፤ ትልቁ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋልና። 96 ገጽ ስድስት እጥፋት ነው። 100 ገጽ ከሆነባችሁ ለአራት ገጽ ብላችሁ ሌላ እጥፋት ትከፍላላችሁ።

ደረጃ 6፦ መለያ ቁጥርና ወመዘክር

በሽፋኑ ጀርባ የሚታተመው 13 አኃዝ ያለው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር በኢትዮጵያ የሚሰጠው በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር በምንለው በኩል ነው። የኢትዮጵያ ቁጥሮች ከ978 ቀጥሎ 99944 ይዘው ይመጣሉ። በውጭ አገር ያለ ማኅበር አሳታሚ ከሆነ ቁጥሩን የሚያገኘው ከሚኖርበት አገር ነው፤ በአሜሪካ በገንዘብ ይገዛል፣ በካናዳ በነፃ ይሰጣል። መጽሐፉ ሲታተም በሕግ የሚፈለገውን ቅጂ ለወመዘክር አስገቡ። ይህን እንደ ግዴታ ብቻ አትዩት፤ የአንገቱ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚፈልገው ሰው የሚገኝበት አስተማማኝ ቦታ ይኸው ነው።

በየወሩ የሚወጣ መጽሔት ወይም ጋዜጣ ካሰባችሁ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ምዝገባ ይጠይቃል።

ደረጃ 7፦ ሂሳቡን ሥሩ

ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ነውና ስሌቱን በቁጥር ላሳይ። የምጠቀምባቸው አኃዞች ማሳያ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የእናንተን ፕሮፎርማ አስገቡ።

ቅጂ በዛም አነሰም የማይለወጥ ወጪ አለ፦ አርትዖት፣ የገጽ አቀማመጥ፣ ሽፋን፣ የማተሚያ ፕሌት። 90,000 ብር ነው እንበል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቅጂ የወረቀት፣ የቀለምና የጥረዛ ወጪ 120 ብር እንበል። 500 ቅጂ ስታሳትሙ ጠቅላላው 150,000 ብር ይሆናል፤ ለአንዱ 300 ብር። 1,000 ስታሳትሙ 210,000፤ ለአንዱ 210 ብር። ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛውን ያሳያችኋል፣ ርካሽም ይመስላል። የምትሸጡት ግን 400 ብቻ ከሆነ የተሸጠው እያንዳንዱ መጽሐፍ በመጀመሪያው 375 ብር፣ በሁለተኛው 525 ብር ወጥቶበታል፤ ስድስት መቶ መጽሐፍም በአንድ ሰው ቤት እርጥበት ይበላዋል። ስለዚህ የምታትሙት ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ዝርዝር ተነስታችሁ ነው።

አሁን ዋጋ። ከ500 ውስጥ 60 በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ለተረኩት ሽማግሌዎች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለወመዘክር። 440 ይቀራል። ግማሹን በእጃችሁ በሙሉ ዋጋ ትሸጣላችሁ፣ ግማሹን በመጻሕፍት መደብር። መደብሩና አከፋፋዩ ብዙ ጊዜ ከሽፋን ዋጋው 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። በ400 ብር ብትሸጡ ከእጅ ሽያጭ 88,000፣ ከመደብር 61,600፣ በድምሩ 149,600 ብር ይገባል፤ ወጪውን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ለሁለተኛው ኅትመት ግን አንዲት ሳንቲም አልተረፈም። በ450 ብር 168,300 ይሆናል፤ 18,300 ይተርፋል። ዋጋውን «ሕዝቡ ይቸግረዋል» ብላችሁ ከወጪ በታች ከማውረድ በውጭ አገር ያሉ ተወላጆች ሁለት ገዝተው አንዱን ለአንገቱ ትምህርት ቤት የሚያበረክቱበትን መንገድ አመቻቹ። የሀንትሊ ቤተሰብ በወዳጆች መዋጮ መጽሐፍ ያወጣው እንዲህ ባለ መተጋገዝ ነው።

ቅድሚያ ከፍለው የሚያዝዙ ሰዎችን መዝግቡ። ስማቸው በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ቢታተም ደስ ይላቸዋል። የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ግን ከሁለት ያላነሱ ሰዎች ይፈርሙበት፤ ደረሰኝ ያልተቆረጠበት ብር ማኅበር ያፈርሳል።

ደረጃ 8፦ ማተሚያ ቤት

ቢያንስ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ለሦስቱም የምትሰጡት መግለጫ አንድ ዓይነት ይሁን፦ መጠን፣ የገጽ ብዛት፣ የውስጥ ወረቀት 80 ግራም፣ የሽፋን ወረቀት ስንት ግራም፣ ቀለም፣ ጥረዛ፣ የቅጂ ብዛት፣ ቫት ተካትቶ እንደሆነ፣ የማስረከቢያ ቀን። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ለትልልቅ ሥራ ነው፤ ለ500 ቅጂ አነስተኛ የግል ማተሚያ ቤቶችን ብትጠይቁ የተሻለ ትስተናገዳላችሁ። ከሁለትና ከሦስት መቶ ቅጂ በታች ከሆነ ደግሞ ፕሌት የማያስፈልገው ዲጂታል ኅትመት ያዋጣል።

ጥረዛ ላይ አትቆጥቡ። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ ከእጅ እጅ ሲዞር፣ ምድጃ አጠገብ ሲነበብ፣ ጭጋግ ሲመታው ገጹ ይረግፋል። የአንገቱ መጽሐፍ በስፌት ይጠረዝ፣ ሽፋኑም ላሚኔሽን ይደረግበት። ጥቂት ብር ይጨምራል፤ በምትኩ አንዱ ቅጂ አንድን መንደር ለዓመታት ያገለግላል።

ሙሉ ኅትመቱ ከመጀመሩ በፊት የታተመ ናሙና ጠይቁና ከሁለት ሰው ጋር ሆናችሁ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቡ። የቁቤው ቃላት በመስመር መጨረሻ ላይ የት ቦታ እንደተሰበሩ፣ የግዕዝ ፊደላቱ ወደ ባዶ ሣጥን እንዳልተለወጡ፣ የገጽ ቁጥር እንዳልዘለለ እዩ። ስትስማሙ ናሙናው ላይ ፈርሙ፤ ክፍያውን ግን እስከ ርክክብ ድረስ ሙሉ በሙሉ አትጨርሱ።

ደረጃ 9፦ አድርሱት

ኒው ቢከን ከማሳተሙ ጎን መጻሕፍት መደብር ከፈተ፤ ቆይቶም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ቦግል ሉቨርቸርን ከመሳሰሉ ጋር የጥቁሮችና የሦስተኛው ዓለም መጻሕፍት ትርኢት አዘጋጀ። ገበያው ስላልነበረ ገበያውን ሠሩት። እኛም መጽሐፉን አዲስ አበባ መደብር ውስጥ አስቀምጠን ገዢ መጠበቅ የለብንም።

የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ወደ ተረኩት ሰዎች ይሂዱ። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ፣ ከዚያም በሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርደው መንገድ በክረምት ያስቸግራል፤ ካርቶኑን በላስቲክ ሸፍናችሁ ጫኑት፣ በደረቁ ወቅት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የምረቃ በዓሉን ሮቤ ወይም አዲስ አበባ ለማድረግ ብዙ ሰው ይገፋፋችኋል። አንገቱ አድርጉት። ጊዜው የቡናው ለቀማ አልቆ ገንዘብ እጅ ላይ በሚገኝበት ወቅት፣ ቀኑ የገበያ ቀን ይሁን። ከአንዱ ምዕራፍ አንዲት ተማሪ ታንብብ፣ ሽማግሌው ያዳምጡ።

ከዚያ ለየትምህርት ቤቱ፣ ለመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ይሰጥ። ፓርኩን ለማየት ጎባና ዲንሾ የሚያርፈው እንግዳም ገዢ ነው፤ ሆቴሎቹ መቀበያ ላይ አምስት አምስት ቅጂ እንዲያስቀምጡ ጠይቁ። በውጭ አገር ደግሞ በየክረምቱ በሰሜን አሜሪካ የሚካሄዱት የኢትዮጵያውያንና የኦሮሞ ማኅበረሰብ የስፖርት በዓላት ለመጽሐፍ ሽያጭ የተመቹ ናቸው። መጽሐፉን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጫን ውድ ስለሆነ ፋይሉን ልካችሁ እዚያው አሳትሙት። በኢንተርኔት ትእዛዝ ሲመጣ እያተሙ የሚልኩትን ድርጅቶች የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አማርኛና ኦሮምኛ ይቀበሉ እንደሆነ ፋይሉን ከማዘጋጀታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ አይቀበሉም።

በመጨረሻ ሦስት ነገር በሦስት የተለያዩ ሰዎች ቤት ይቀመጥ፦ ለማተሚያ የተላከው የመጨረሻ ፋይል፣ ሊታረም የሚችለው የጽሑፍ ፋይል፣ የድምፅ ቅጂዎቹ ሁሉ። አንባቢዎች ያገኟቸውን ስሕተቶች የምትጽፉበት አንድ ደብተር ክፈቱና አንገቱ ላለው መምህር ስጡት። የተረፈው 18,300 ብር ካለ በማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ለሁለተኛው ኅትመት ይቀመጥ።